የጋሽ ሰይድ ልኬት

ይህን ለእናቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬ አላውቅም። ለእናንተ የምነግረው ምናልባት ስለማታውቁኝ ይሆናል።

የማስተርስ ጥናቴን የሠራሁት ቦሌ ሩዋንዳ አካባቢ ባለ ትንሽ ላቦራቶሪ ነው። የጨረር መለኪያ መሣሪያ ውስጥ አየር የያዘች ጠባብ ክፍተት አለች። በእሷ ውስጥ ከተለካው ተነስቶ በዙሪያዋ ያለው አካል ምን ያህል ጨረር እንደተቀበለ የሚያሰላ ንድፈ ሐሳብ አለ፤ እኔ እሱን በኮምፒውተር ሲሙሌሽን እፈትን ነበር። በመሣሪያው የሚለኩልኝ ጋሽ ሰይድ የሚባሉ፣ ጡረታቸው የተቃረበ የወሎ ሰው ነበሩ።

የሁለታችን ውጤት አልገጠመም። አማካሪዬ ምክንያቱን ሲጠይቀኝ «ጋሽ ሰይድ ዓይናቸው ደክሟል፤ መሣሪያውን አዛብተው አስቀምጠውት ይሆናል» አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት። ወዲያው የላቦራቶሪው ኃላፊዎች እሳቸውን ከመለኪያ ክፍል አንስተው ዕቃ ግምጃ ቤት መደቧቸው።

በሳምንቱ ፋይሌን ስመረምር ደነገጥኩ። የክፍተቷን ዲያሜትር በሬዲየስ ቦታ አስገብቼ እጥፍ አድርጌያታለሁ። አስተካክዬ ሳስኬደው ከእሳቸው ልኬት ጋር ገጠመ። ምን አደረግኩ? ዝም አልኩ። ሌላ ሰው እንደ አዲስ ለካልኝ፤ ልኬቱ ከታረመው ስሌቴ ጋር ሲገጥም አማካሪዬ የቀድሞውን ልኬት መለስ ብሎ ሳያይ «አየሽ? ችግሩ የሰውየው ነበር» አለኝ። በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ። እንዴት አንገቴ ታዘዘልኝ?

እሳቸው ግን አልራቁኝም። በምሳ ሰዓት ከግምጃ ቤት እየመጡ መሣሪያ አያያዝ አስተማሩኝ፤ ስሳሳት «አብሽሪ ልጄ፣ እንደገና» ይሉኛል። ዛሬ የካንሰር ሕክምና ክፍል ውስጥ የጨረሩን መጠን የማረጋግጠው እኔ ነኝ። ታካሚ አልጋው ላይ ከመውጣቱ በፊት ሁለቴ የምለካው እሳቸው ስላስለመዱኝ ነው። ይህን ያህል ውለታ የዋለልኝ ሰው የለም።

ባለፈው ቅዳሜ አያት ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየም ቤታቸው ሄድኩ። ጥፋቴን ልናገር ስል ቀደሙኝ።

«ዲያሜትሩን ነበር ያስገባሽው፣ አይደል?»

«ያውቁ ነበር?»

«ልኬቴን አውቀዋለሁ፤ ያቺ ክፍተት ወረቀትሽ ላይ እጥፍ ሆና አይቻታለሁ። ቁጥርሽን አረምሽ ልጄ፤ ስሜን ሳታርሚው ቀረሽ።»

እያወቁ ነው ያስተማሩኝ። ጉልበታቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዘው አስቀመጡኝ።

ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ፈርቼ ነው ብዬም አላመካኝም። አሁን ለአማካሪዬና ለላቦራቶሪው ሰዎች ሁሉ የምልከውን ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው። የመጀመሪያው መስመር «ጋሽ ሰይድ በትክክል ለክተው ነበር» ይላል። ሁለተኛው ላይ የራሴን ስም ጽፌያለሁ።