ሰጋቱራ የከለከሉኝ እናት

ሴትዮዋ ወጥ ቤታቸውን እንድሠራላቸው ሲያስጠሩኝ መጀመሪያ የመጣልኝ «ሊያዋርዱኝ ነው» የሚል ሐሳብ ነበር። ከክረምቱ በፊት ልጃቸውን ለማግባት ሽማግሌ ልኬባቸው ነበር። «እስኪ ዘመድ እናማክር፣ ተመለሱ» ብለው ሸኟቸው። ይህስ ወጉ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል ቤተሰብ የለም። አንደኛው ሽማግሌ ግን አንድ ነገር ጨመረልኝ። ሴትዮዋ ሥራዬን ጠይቀው «አናጢ ነው» ሲባሉ ፊታቸው ጠቆረ አለኝ። በቃ፣ ገባኝ አልሁ። በእጁ ሠርቶ የሚያድረውን በጎሪጥ የሚያይ ሰው ዛሬም አገራችን ውስጥ አልጠፋም። ተናደድሁ። ሽማግሌዎቹን መልሼ አልላክሁም፤ ኮላ ድባ ከተማ የምታስተምረው ልጃቸውም ስትደውል ስልኬን ማንሣት ተውሁ።

ታዲያ ለምን ሄድሁ? እልህ ነው። መስቀል ሲያልፍ መሣሪያዬን ሸክፌ ፀዳ ሰፈር ወደሚገኘው ቤታቸው ወረድሁ።

ሥራው የቁም ሳጥኖቹን አናት የሚዞረውን ባለ አበባ የጌጥ ክፈፍ መለወጥ ነበር። የፊተኛው አናጢ ማዕዘኑ አልገጥም ሲለው ክፍተቱን በኮላ በተለወሰ ሰጋቱራ ሞልቶ፣ ቀለም ቀብቶበት ሄዷል። ሙሌቱ ደርቆ እየተፈረፈረ ሽሮ ድስታቸው ውስጥ ይወድቅ ነበር።

ይህን ነግረውኝ ሲያበቁ ዱካቸውን ስበው ፊት ለፊቴ ቁጭ አሉ። መጋዜ ሰጋቱራ ባራገፈ ቁጥር ጎንበስ ብለው ይጠርጉና በፌስታል ይዘውት ይወጣሉ። መጀመሪያ ለንጽሕና መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳስተውል ኮላዬንም ከአጠገቤ አርቀው መስኮቱ ላይ አስቀምጠውታል። እኔ ደግሞ ያው ሌባ መሆኔ ነው! ደሜ ፈላ። ጥዬ ልሂድ አልሁና፣ «ድሮም አውቄዋለሁ» ይሉኛል ብዬ ዋጥ አደረግሁት።

ማዕዘኑም እንቢ አለ። ሁለቱን ጫፎች አርባ አምስት ዲግሪ ቆርጬ ሳጋጥማቸው ከኋላ ይነካካሉ፣ ከፊት ይከፈታሉ። መጋዙን ጠረጠርሁ፤ ብለካው ልክ ነው። እንጨቱን ጠረጠርሁ፤ እሱም ደረቅና ቀጥ ያለ ነው። በመጨረሻ የማዕዘን መለኪያዬን ግድግዳው ላይ ባስደግፈው፣ የግድግዳው ማዕዘን ራሱ ከልኩ በላይ ተከፍቷል፤ ቁም ሳጥኖቹም እሱኑ ተከትለዋል። ሴትዮዋ ከዱካቸው ሆነው ያዩኛል። ግድግዳዎ ጠማማ ነው ብላቸው ሰበብ ፈላጊ ሊሉኝ ነው ብዬ አልተነፈስሁም። ካርቶን ወስጄ በማዕዘኑ ልክ ቆረጥሁት፣ እኩል ለሁለት አጠፍሁት፣ በእጥፋቱ ልክ እንጨቱ ላይ አሥምሬ እንደገና ቆረጥሁ። ግጥም አለ።

ሴትዮዋ ወንበር ላይ ወጡ። ጥፍራቸውን መጋጠሚያው ላይ ወዲያ ወዲህ አስኬዱት፤ የሚገባበት አጣ። «ሸጋ ነው» አሉ። እዚያው እንደ ቆሙ ዞረው አዩኝ።

«ምነው ሽማግሌዎችህ ሳይመለሱ ቀሩ?»

አናጢ መሆኔን ሲሰሙ ፊታቸው መጥቆሩን አንደኛው ሽማግሌ እንደነገረኝ ገለጽሁላቸው።

«እንዴት አይጠቁር» አሉ። «አናጢ ሲሉኝ ያ ሰጋቱራ ያበላኝ ሰውዬ ትዝ ብሎኝ ነዋ። ይኸኛውም ሸፋፍኖ የሚሄድ ይሆን ብዬ ሰጋሁ። ሲመለሱ አጣርቼ እጠይቃለሁ ስል አንተ ጠፋህ። ልጄ ክረምቱን ሙሉ ስታለቅስ ከረመች።»

መጋዙን፣ እንጨቱን፣ ግድግዳውን፣ ሴትዮዋን ስጠረጥር የከረምሁ ሰውዬ፣ ስልኩ እየጠራ ያቺ ልጅ ምን ትሆናለች ብዬ አንድ ቀን አላሰብሁም። አፈርሁ።

እሳቸው ከወንበሩ ወርደው፣ «ሰጋቱራውንም ኮላውንም ያራቅሁብህ ክፍተት እንዳትሞላበት ነው» ብለው ኮላዬን ከመስኮቱ አቀበሉኝ። ሽማግሌዎቹ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሊመጡ እንደሚችሉ ነገሩኝና መጥረጊያቸውን አነሡ።

«እነሱን ከመላክህ በፊት ግን» አሉ ጎንበስ ብለው እየጠረጉ፣ «ስልኳን አንሣላት።»