ሮስኮ ሃግለርን የከዳበት መጸው

ሮስኮ ቴይት በሰሜን ፊላደልፊያ፣ ከኔ ሱቅ ሁለት በር አለፍ ብሎ ባለው የቡጢ ቤት የቦክሰኛ እጅ በፋሻ ይጠቀልላል፤ የግጥሚያ ቀን ደግሞ የመጋጠሚያው መድረክ ማዕዘን ላይ ቆሞ በዙሮቹ መሃል ቁስል ይዘጋል። ደመወዝ ያገኝ የነበረው ከሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው፤ ከዚያ ጡረታ ወጥቷል። ከቡጢ ጡረታ የሚባል ነገር ግን ሰምቶ አያውቅም። በወጣትነቱ እሱም በመካከለኛ ክብደት ይጋጠም ነበር። እንዴት ነበርክ ሲባል፣ "መከላከል ላይ ጎበዝ ነበርኩ፤ በፊቴ ነበር የምከላከለው" ይላል።

እኔ ዌንደል ነኝ፤ ሥራዬ ሶፋና የመኪና መቀመጫ ማልበስ ነው። የቡጢ ቤቱ የልምምድ መምቻ ከረጢቶች ሲቀደዱም እኔ ጋ ይመጣሉ። ከረጢት መሙላት ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። የሞላኸው ብጥስጣሽ ጨርቅ ውሎ አድሮ ወደ ታች ይወርድና ከሥር ድንጋይ ይሆናል፣ ከላይ ባዶ ይቀራል። እየደረደርክ በዱላ ካልጠቀጠቅከው የልጆቹን አንጓ ይሰብራል። ከሮስኮ ጋር የተዋወቅነው የመጀመሪያውን ከረጢቴን በመዳፉ ዳብሶ፣ "ይሄ ትራስ ነው" ብሎ የመለሰልኝ ቀን ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ቡጢ ቤቱ ሲዘጋ ሱቄ ይሞቃል። ወንበር አይጠፋም፤ የደንበኛ ወንበር ሁሉ የኛ ነው። ከማዕዘኑ ሱቅ የተጠበሰ ዓሣ በነጭ ዳቦ ይመጣል፣ ሚጥሚጣ የመሰለ ቀይ ስልስ ይፈስበታል፤ ከፋይ ጨርቅ የለበሰ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ግን ዓሣ አይነካም፣ ይሄ የኔ ሕግ ነው። የክርክሩ ርዕስ ተቀይሮ አያውቅም፦ ከየዘመኑ የመካከለኛ ክብደት ቦክሰኞች ማን ማንን ያሸንፋል? ሕጉ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ቢያንስ በፊልም ላላየኸው ቦክሰኛ ጥብቅና አትቆምም። ሁለተኛ፣ አንድ ጊዜ የመረጥከውን ሰው አትቀይርም። ሚስት የቀየረ ሰው መሃላችን አለ፤ ቦክሰኛ የቀየረ ግን አልነበረም።

እሱም፣ ሚስት የቀየረው ማለቴ ነው፣ ክሊተስ ነው። የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር፤ አሁንም ሲናገር የኋላ ወንበር ላይ ያለው ሰው እንዲሰማው አድርጎ ነው። የክሊተስ ሰው ሬይ ሮቢንሰን ነው።

"ቀበቶውን አምስት ጊዜ ወሰደ! አምስት ጊዜ! ሌላ ማን አለ?"

"አምስቴ ለመውሰድ አራቴ መጣል አለብህ" ይለዋል የሃግለር ጠበቃ ሮስኮ። "ሃግለር አንዴ ወሰደው፣ ሰባት ዓመት ገደማ ማንንም አላስነካም።"

"ቆይ፣ ስንት ዙር ነው የምታጋጥሟቸው?" እላለሁ እኔ። "ጓንቱስ የማን ዘመን ነው? የሮቢንሰን ጊዜ ጓንት ሌላ ነው።"

"ይኸው! ሜትሩን አወጣ!" ክሊተስ ጭኑን ይመታል። "አንተ ሰውዬ፣ ሰው ነው የምናጋጥመው፣ መጋረጃ አይደለም የምንሰፋው።"

ሮስኮ ስለ ሃግለር ብዙ ስድብ ጠጥቷል። ሃግለር የብሮክተን ልጅ ነው፣ የሰው አገር ሰው። በአሥራ ዘጠኝ መቶ ሰባ ስድስት መጥቶ የኛን ቦቢ ዋትስን እዚሁ ስፔክትረም አዳራሽ ሲገጥም ዳኞቹ ለኛ ልጅ ፈረዱ። አዳራሹ ሲያጨበጭብ ሮስኮ ወንበር ላይ ቆሞ፣ "ሌቦች! ያሸነፈው ራሰ በራው ነው!" ብሎ ጮኸ። በዚያች ቀን ጓደኛ አጣ፤ እስከ ዛሬ የሰፈሩ ሰው "የብሮክተን አምባሳደር" ይለዋል። አንድ ቀን እንኳ ቃሉን አላጠፈም።

ታዲያ ባለፈው መጸው፣ ቅጠሉ መርገፍ በጀመረበት ሰሞን፣ ሮስኮ ዓሣውን ሳይጨርስ አስቀመጠና፣ "ግሬብ" አለ።

"ምን?" አለ ክሊተስ።

"ሃሪ ግሬብ። ሁሉንም ያሸንፋል። ሃግለርንም።"

ግሬብ ከመቶ ዓመት በፊት የነበረ ሻምፒዮን ነው። ሦስት መቶ ጊዜ ገደማ ተጋጥሟል ይባላል፤ ከዚያ ሁሉ ግጥሚያ አንዲቷ እንኳ በፊልም የለችም። ይሄ ሳያንስ የፒትስበርግ ሰው ነው። የፊላደልፊያ ሰው ለፒትስበርግ ጥብቅና ሲቆም መስማት ምን እንደሚመስል ለሌላ ከተማ ሰው ማስረዳት አልችልም።

"ፒትስበርግ!" ክሊተስ ተነስቶ ቆመ። "ብሮክተን አልበቃ ብሎህ? ደግሞ ማን አይቶት ያውቃል?"

"የገጠሙት አይተውታል።"

"የገጠሙትማ አላዩትም፣ ለዚያ አይደል የተሸነፉት!"

ሮስኮ አልሳቀም። "በአንድ ዓይኑ ነው የተጋጠመው" አለ። "ሌላው ጠፍቶ ዓመታት። የቡጢ ኮሚሽኑ አላወቀ፣ ሕዝቡ አላወቀ። ከማን ጋር እንደሚያወዳድሩት ግድ የለኝም። ሃግለር እኮ ሁለት ዓይን ነበረው።"

ከዚያ ወዲያ በየቅዳሜው ሌላ ወሬ የለም። ክሊተስ "ከሃዲው መጣ" ብሎ በር ላይ ይቀበለዋል። እኔም ብሆን የዋህ አልነበርኩም፤ በዚያ ዘመን ቀጭን ጓንትና ልቅ ዳኝነት ግሬብ በአውራ ጣቱ ዓይን ይነካ እንደነበር አነሳሁበት። ሮስኮ ሁሉንም ይሰማና ወደዚያው ወደ ዓይኑ ይመለሳል። ርቀቱን እንዴት ይለካ ነበር? ተጠግቶ ነዋ፣ ደረት ለደረት ገጥሞ፤ የሚነካህን ሰው ማየት አያስፈልግህም። ቦታም ቀየረ። ድሮ መሃል ይቀመጥ የነበረ ሰውዬ ቀኝ ጎኑን ግድግዳ አስደግፎ ጥግ መያዝ ጀመረ። ክሊተስን ሸሽቶ መሰለኝ። ክርክር መሰለን፤ ሽማግሌ ሲያረጅ እልኸኛ ይሆናል አልን፣ እኛ ያላረጀን ይመስል።

በዚህ መሃል ናዲን ግጥሚያ አገኘች። ናዲን ኦክስሌ ቀን የጥቅል ዕቃ መኪና ትነዳለች፣ ማታ ቡጢ ቤት ነች፤ ክብደቷ መካከለኛ ነው። ከመጀመሪያ ቀኗ ጀምሮ እጇን የጠቀለለላት ሮስኮ ነው፣ ሌላ ሰው አታስነካም። ግራ ቅንድቧ ላይ የድሮ ስንጥቅ አለ፤ እዚያ የተሰፋ ቆዳ ሁለተኛ ሲከፈት መጥፎ ነው። ግጥሚያው አትላንቲክ ሲቲ፣ ኅዳር ላይ ከምስጋና በዓል በፊት ነበር።

ያደስኩትን ከረጢት ላደርስ ስሄድ ናዲን ልምምድ ላይ ነበረች፤ ቅንድቧ ትንሽ ደማ። ሮስኮ መድኃኒት ውስጥ የነከረውን ጥጥ ይዞ ቀረበ። ጥጡ ቅንድቧ ጋ ሳይደርስ አየር ላይ ቆመ። ሮስኮ ደግሞ ገፋው፤ አሁን አብዝቶ ወጋት። በሦስተኛው በግራ እጁ ግንባሯን ዳብሶ ቦታውን አገኘና ዘጋው። ሙያ የተማርኩበት ጌታዬ አንድ ዓይኑን ያጣ ሰው ነበር፤ የሶፋ ሚስማር ተፈናጥሮ መትቶት። ከእንግዲህ ግራና ቀኝ አልስትም፣ የምስተው ቅርብና ሩቁን ነው ይለኝ ነበር። የሮስኮን ጥጥ አየር ላይ ቆሞ ሳየው ያ ቃሉ ትዝ አለኝ። ናዲን በትከሻው ላይ አሻግራ እኔን ታየኝ ነበር።

ደጅ ተከትላኝ ወጣች።

"አጎቴ ዌንደል፣ አይተዋል አይደል?"

"አይቻለሁ።"

"ለአሠልጣኙ ብናገር ዛሬውኑ ከማዕዘን ያወርዷቸዋል። ማዕዘኑን ከወሰዱባቸው ምን ይቀራቸዋል? ዝም ብል ደግሞ የሚወጉት የኔን ዓይን ነው።" ፎጣዋን አንገቷ ላይ ጠምዝዛ ያዘች። "ቅንድቤም አንድ ነው፣ አጎቴ ሮስኮም አንድ ናቸው። እርስዎ ይንገሩልኝ።"

"ምን ብዬ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? ጓደኛ አይደላችሁ?"

ጓደኛማ ነን። ስለ ሞተ ሰው ግራ እጅ ግማሽ ቀን እናወራለን፤ ስለ ራሳችን ዓይን ግን አውርተን አናውቅም። ቅዳሜ ነይ አልኳት።

መጣች። ክሊተስ ጀምሮ ነበር፤ በእጁ ሁለት የቅመም ብልቃጥ ይዞ ሃግለርንና ግሬብን የኔ መቁረጫ ጠረጴዛ ላይ ያጋጥማል። "ሃግለር ግራኝ ነው! በዕውሩ በኩል ዞሮ ይገባል፣ ጧ! አለቀ! ሮስኮ፣ ሰውህን አንሣ!"

ናዲን አንዲት መምህርት ለእድሳት ያመጣችው የምግብ ጠረጴዛ ወንበር ላይ ተቀመጠች። "አጎቴ ሮስኮ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ?"

"ጠይቂ ልጄ። ከዚህ ጋጠወጥ ሁሉም ይሻላል።"

"የግሬብ ማዕዘን ላይ ያሉት እርስዎ ቢሆኑ፣ ዓይኑንም ቢያውቁ፣ ያስገቡት ነበር?"

"አልነገራቸውም እኮ።"

"ቢነግርዎትስ?"

ክሊተስ አፉን ከፈተ፤ እግሩን ረገጥኩት። ሮስኮ ዓሣውን ትቶ ጣቶቹን አንድ በአንድ በወረቀት ጠረገ።

"ቢነግረኝ" አለ ቀስ ብሎ፣ "መጀመሪያ እሰድበዋለሁ። ከዚያ በዚያኛው በኩል እቆምለታለሁ። ከዚያ ወገን የሚመጣውን እኔ እነግረዋለሁ።"

"እሺ" አለች ናዲን። "እኔ ለእርስዎ በየትኛው በኩል ልቁም?"

ሮስኮ ቀና ብሎ አያት፣ ከዚያ እኔን አየ፤ ለማየት አንገቱን ጨርሶ ማዞር ነበረበት።

"በቀኝ" አለ።

"የምን ቀኝ?" አለ ክሊተስ። "ምንድን ነው የምታወሩት? ሃግለር በቀኝ ቢገባ…" ብሎ ቆመ። ብልቃጦቹን አስቀመጠ። "ሮስኮ። መቼ?"

"በጋ ላይ ጀመረኝ። አሁን ጭጋግ ብቻ ነው።"

"አንተ ሰው! ለምን አትነግረንም ታዲያ?"

"በየቅዳሜው ነገርኳችሁ እኮ" አለ ሮስኮ። "እናንተ ስለ ፒትስበርግ ትጮኹ ነበር።"

ክሊተስ ከወንበሩ ተነስቶ ሮስኮ አጠገብ፣ በግድግዳው በኩል ለመግባት ታገለ፤ ቦታው ጠባብ ነው፣ እሱ ወፍራም ነው። ገፍቶ ገባ። ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ተቀመጡ። ናዲን በመዳፏ አፍንጫዋን ጠረገች።

አዝኖ መቀመጥ ሥራ አይሠራም፤ ሰኞ ጠዋት ክሊተስ በመኪናው ወደ ዓይን ሐኪም ወሰደው። የዓይን ግፊት ነው፣ ይሄ ብርሃንን ቀስ ብሎ የሚሰርቅ በሽታ። የቀኙ የሄደው ሄዷል፣ አይመለስም። በግራውም ጀማምሮታል፤ እሱን ግን በጠብታ እንይዘዋለን አሉት፣ ከዚህ ቆይተህ ብትመጣ ሌላ ነበር አሉት። ክሊተስ ጠብታው እንዳይረሳ ጠዋት ማታ ይደውልለታል። "የአውቶቡስ ሰዓት አደረገኝ፣ ያውም ሲነዳ ጠብቆት የማያውቀውን" ይላል ሮስኮ።

ለአሠልጣኙ ራሱ ሮስኮ ነገረው። እኔ የማውቀው ከቡጢ ቤቱ ወጥቶ በቀጥታ ወደኔ መምጣቱን ነው።

"እጅ መጠቅለሉ የኔ ነው፣ በጣቴ ነው የምሠራው። ቁስሉን ሌላ ሰው ይያዘው ብያለሁ። አንተን።"

"እኔ ሶፋ ነው የምሰፋው።"

"ቆዳ ታውቃለህ፣ እጅህ አይንቀጠቀጥም፣ ደም አይተህም አትጮህም። ሌላውን አስተምርሃለሁ።"

አስተማረኝም። የበሰለ ቲማቲም ሰንጥቆ ይሰጠኛል፤ በጥጥ ተጫን፣ ጭማቂው ይቁም፣ ልጣጩ እንዳይፈርስ። ስፈጨው "ስልስ ሥራ አላልኩህም" ይለኛል። ማዕዘን ላይ ለመቆም የሚያስፈልገውን ፈቃድም አወጣሁ። ሮስኮ ደግሞ በተራው ዓይኑን ጨፍኖ የናዲንን እጅ ጠቀለለ፤ በጣቶቹ መሃል፣ አንጓው ላይ፣ ተመልሶ መዳፉ ላይ። መዳፉን ዘርግቶ ምቺ አላት። መታችው። "ይሄኛው ላላ ብሏል" ብሎ ፈታና እንደገና ጀመረ።

አትላንቲክ ሲቲ ላይ ቅንድቧ በአምስተኛው ዙር ተከፈተ። የዙሩ ማብቂያ ደወል ሲደወል ወደ ማዕዘኑ ወጣሁ። ሮስኮ በግራ ጎኔ፣ ክሊተስ ከታች ባልዲ ይዞ፣ ዝም በል ስለተባለ ፊቱ ቀልቷል። ያንን ሁሉ ቲማቲም ረስቼ መጥረግ ጀመርኩ።

"አትጥረግ" አለኝ ሮስኮ በጆሮዬ። "ተጫንና ተንፍስ።"

ተጫንኩ። ናዲን ታየኛለች፣ አንዱ ዓይኗ በቫዝሊን ተሸፍኗል።

"ቆመ?" አለ ሮስኮ።

"የቆመ መሰለኝ።"

"መሰለኝ የሚባል የለም።"

"ቶሎ በሉ እንጂ" አለች ናዲን፣ "ሁለት ሽማግሌ ፊቴ ላይ ስብሰባ ተቀመጠብኝ።"

ሮስኮ እጁን በትከሻዬ ላይ አሳልፎ ግንባሯን ዳበሰ፤ ትንሿን ጣቱን ቅንድቧ ላይ አሳርፎ፣ ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብሎ ሄደባት። እሷም አልተነቃነቀችም፤ እንደ ሕፃን ፊቷን ሰጠችው።

"ደረቅ ነው" አለ። "ሂጂ ልጄ።"