አባቴና የደሞዝ ፋይል

ሐምሌ 20 ቀን 2013 ዓ.ም. አባቴ ማናዬ በጎረቤታችን በደሞዝ ላይ ያስጀመረኝን አቤቱታ ሳይፈርምበት ጠረጴዛዬ ላይ ትቶት ወጣ።

አባቴ የፎገራ ሩዝ ገበሬ ነበር። በሰኔው ምርጫ በግል ተወዳድሮ በጎረቤቱ በደሞዝ ተበለጠ። መሸነፉን ቻለው። ያልቻለው ደሞዝን ተከትሎ እስከ ይፋግ ገበያ የተመመውን ሕዝብ ነው። “በምን ጠራው?” እያለ እህል አልዋጥ አለው።

የተወዳዳሪዎች የቅስቀሳ ሰነድ ማንም ሊያየው ይችላል። ወረታ ባለው የምርጫ ጽሕፈት ቤት ሰነዱን የምጠብቀው እኔ ነኝ። ሥራ ከያዝሁ ጀምሮ አባቴ አንድ ቀን እንኳ “እንዴት ነሽ” ሊለኝ ብቅ ብሎ አያውቅም። ለደሞዝ ፋይል ግን በዚያ ጭቃ በየሳምንቱ መጣ። ፋይሉን ባወጣሁለት ቁጥር እንደ ጣውንት አየው ነበር።

“እዚህ ላይ ይፈርሙ። መጀመሪያ እጅዎን ይጥረጉ” አልሁት።

“ቤት አንተ፣ እዚህ እርስዎ! ደሞዝንም እንዲህ ነው የምታከብሪው?”

“እሱ እጁን ታጥቦ ነው የሚመጣ።”

ሐምሌ 20፣ ማክሰኞ፣ “በዓይነት የተገኘ እርዳታ” ከሚለው መስመር ደረሰ። ደሞዝ “የለም” ብሎ ሞልቷል። አባቴ ጠረጴዛውን መታው።

“የለም? ገብረ ሐና በቅስቀሳው ጥሩምባ ሲነፋለት አልከረመም? የእኔ የወንፈል ጓደኛ፣ አረም በተራ የምንተራረመው! አቤቱታ ጻፊ!”

ጻፍሁ። ከዚያ የራሱንም ፋይል አምጥቼ ጎን ለጎን ዘረጋሁለት። እሱም “የለም” ብሎ ነበር።

“ጎረቤቶቻችን እነ ባየህስ በነጻ አልቀሰቀሱልዎትም?”

“ያማ ወንፈል ነው! አረማቸውን አርሜ እመልሳለሁ። ወንፈል ከመቼ ወዲህ ነው እርዳታ የሆነው?”

ሁለቱን ገጾች እያፈራረቀ አየ።

“ደሞዝም ይኸንኑ ብሎ ይሆናላ” አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ገብረ ሐና ግን ለእኔ መንፋት ነበረበት።”

ወንፈልም ቢሆን መመዝገብ እንዳለበት፣ የሁለቱም ሰነድ መስተካከል እንዳለበት ነገርሁት።

“ነገ እመለሳለሁ። ዛሬ የወንፈሉ ተራ የገብረ ሐና ነው” ብሎ ተነሣ።

አልተመለሰም። ያን ሌሊት በተኛበት አረፈ።

ገብረ ሐና ለቅሶ ላይ እንደ ነገረኝ፣ አባቴ ከእኔ ዘንድ እንደ ወጣ በቀጥታ ወደ እሱ ማሳ ወረደ። ውሃ ቢያቀብለው ፊቱን አዞረበት፤ የገብረ ሐናን ሩዝ ግን እስከ ዳሩ አርሞ ጨረሰለት።