ባዶዎቹ ጋቢናዎች

«ሰው ደግ ሆኖ ደሞዝ አይጨምርም! ሰማህ? እዚህ የጨመረልህ ሰው፣ እዛ ሊቆርጥብህ መቀሱን ስሎ ነው!»

ይሄን የሚጮኸው ጋሼ ‹አይመስለኝም› ነው፤ እኛ ጎሚስታ ቤት በር ላይ፣ የተኛ የከባድ መኪና ጎማ ላይ ቁጭ ብሎ። የሚጮኸውም በሚስቱ ወንድም ላይ ነው። ሁለቱም ሹፌሮች ናቸው። የሚስቱ ወንድም ሪዙን የሚያበጥር፣ ሸሚዙን የሚተኩስ ጎረምሳ ነው፤ በቅርቡ አዲስ ወደ ተከፈተው የጭነት ድርጅት ገብቶ፣ አሁን ደሞ ጋሼን ካልወሰድኩ ብሎ ቁም ስቅሉን ያሳየዋል።

«ጋሼ፣ አንተኮ ሰው ሰላም ሲልህም ‹ምን ፈልጎ ነው?› ነው የምትለው።»

«ምን ፈልጎ ነው ታዲያ?»

ስሙን ያወጣነው እኛ ነን። ጎማህ ተነፍቷል ስንለው «አይመስለኝም» ይልና ሁለቴ በእርግጫ መትቶ፣ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ይለጥፍበታል፤ ልክ የልብ ምት እንደሚያዳምጥ።

ጎንበስ ማለቱን ግን ከተወ ሰነበተ። ወገቡ አልቋል። አሁን የሚነዳው መኪና ወንበር ስፖንጁ ሞቶ ብረቱ ነው የቀረው። ካርቶን አጣጥፎ፣ በካርቶኑ ላይ ትራስ፣ በትራሱ ላይ የሚስቱን አሮጌ ብርድ ልብስ ደርቦ ነው የሚነዳው። ሲወርድ መጀመሪያ እግሩ ይወርዳል፣ ቀጥሎ እሱ፤ ወገቡ እዛው ጋቢናው ውስጥ ይቀራል። ሐኪሙም በዚህ ወንበር ከቀጠልክ መሪ ሳይሆን ከዘራ ነው የምትይዘው ብሎታል።

የአዲሱ ድርጅት ወንበር ደግሞ በአየር ነው የሚሠራው፤ ጉድጓድ ስትገባ አንተን ሳይነግርህ ያልፋል። ደሞዙም ይበልጣል። ችግሩ፣ መልስ ሰኞ ይፈልጋሉ። የአሁኗ አሠሪው ደግሞ ለቀቅኩ ካላት፣ መኪናውን በዚያው ቀን ለሌላ ትሰጣለች። መመለስ የለም። እሷ አበል ታዘገያለች እንጂ መንገድ ላይ ተበላሽቶብህ ብትደውል ስልኩን ራሷ ነው የምታነሳው። መጀመሪያ «አንተ ደህና ነህ?» ትላለች፤ ቀጥላ «መኪናዬስ?» ጋሼ ይቺን ቅደም ተከተል ይወዳታል።

«እሺ፣ እኔን ስታመጣ ምን ይሰጡሃል?» አለው አማቹን።

«ኧረ በእህቴ ሞት ጋሼ!»

«እህትህን ተዋት፤ እሷ ሚስቴ ናት። ምን ይሰጡሃል?»

አማቹ ሪዙን ዳበሰ። ዳበሳው ትንሽ ረዘመ። እኔም ያን ጊዜ ነው መጠርጠር የጀመርኩት።

ቅዳሜ ግቢውን ሊያሳየው ወሰደው። እኔም የተጠገነ ጎማ የማደርስ መስዬ ተከተልኳቸው። ቢሮ ውስጥ የተቀበለን ሰውዬ ሲናገር አፍንጫው ውስጥ ጥጥ የወተፈ ይመስላል፦ «እኛ ዘንድ ሹፌር ሠራተኛ አይዶለም። ቤተሰብ ነው።»

«ቤተሰብ ከሆንኩ፣ የደከመኝ ቀን ደውዬ ‹ዛሬ አልመጣም› ማለት እችላለሁ?»

ሰውየው ሳቀ። ጋሼ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ሳቀ እንጂ እሺ አላለም። ልብ በል» አለኝ።

መኪና ላይ አወጡት። ወንበሩ ፍስስ ብሎ ሲቀበለው ፊቱ ተፈታ። ዓይኑን ጨፈነ። በቃ፣ ፈረመ ብዬ ነበር። ድንገት ዓይኑን ገለጠና ዙሪያውን መቃኘት ጀመረ።

«የማነው ይሄ መኪና?»

«የድርጅቱ ነዋ» አለ አማቹ ከታች።

«የድርጅቱ መሆኑንማ ታርጋው ይናገራል። ማን ነው የሚነዳው?»

እያቃሰተ ወረደ። ቀጥሎ ያለው ላይ ወጣ። ከዛ ሌላው ላይ። እኛ ሰፈር የቆመ መኪና ጋቢና ውስጥ አንገትህን ብታስገባ የማን እንደሆነ ወዲያው ታውቃለህ፤ አንዱ የልጁን ፎቶ ሰክቷል፣ አንዱ የፕላስቲክ አበባ ደርድሯል፣ አንዱ የሚስቱን ዳንቴል መሪው ፊት አንጥፏል። እዚህ ግን ምንም የለ። ፎቶ የለ፣ ትራስ የለ፣ የሻይ ብርጭቆ እንኳ የለ። እንግዳው የለቀቀው የሆቴል ክፍል ነው የሚመስለው።

«ሰው የሚኖርበት ቤት እንዲህ አይጸዳም» አለ ጋሼ። «እዚህ ሰው አይሰነብትም።»

«መመሪያ ነው ጋሼ! ማንጠልጠል ክልክል ነው!»

«ከመቼ ወዲህ ነው ሹፌር መመሪያ ሰምቶ የልጁን ፎቶ የሚያወርደው?»

ግቢው ውስጥ መኪና የሚያጥብ ሰውዬ ነበር፤ ሹፌሮቹ ይሰነብታሉ ወይ ብለን ጠየቅነው። ቀና ብሎ የቢሮውን መስኮት አየና ወደ እጥበቱ ተመለሰ።

«ይሄ ዝምታ ምን ይባላል?» አለ ጋሼ።

«ሥራ ይዞ ነዋ! ሁሉም ሰው እንዳንተ ጎማ ላይ ተቀምጦ ይዋል እንዴ?»

ወደ ጎሚስታ ቤት ተመለስን። እንደደረስን ጋሼ እጁን ዘረጋ። «እንወራረድ። አንድ መኪና ላይ ዓመት የሞላው የነሱን ሹፌር አምጣልኝ። አንድ ብቻ! ካመጣህ ሰኞ እፈርማለሁ። ካላመጣህ ያን ሪዝ ትላጭና የእኔ ካርቶን ላይ ቁጭ ብለህ ትነዳለህ።»

«ሪዜን ምን አደረገህ?»

«በመሐላህ መሀል የምትዳብሰው እሱን ነው።»

ተጨባበጡ። እኔ ምስክር ሆንኩ።

እሁድ ከሰዓት አማቹ አንድ ረጅም ሰውዬ አስከትሎ ከች አለ። «ይኸው! ዓመት አልፎታል፣ ያውም አንዲት መኪና ላይ!»

ሰውየው አዎ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ጋሼ ሳይቸኩል ዞረው፤ ልክ ልግዛ አልግዛ እንደሚባል ጎማ። በእርግጫ አልመታውም እንጂ።

«ወንድሜ፣ ሚስት አለህ?»

«አለኝ።»

«ደውልላት። ድምፁን ክፈተውና እዚህ ድርጅት ከገባህ ስንት ጊዜህ እንደሆነ ጠይቃት። ወንድ ይዋሻል፣ ሥራም የገባበትን ቀን ይረሳል። ባሏ ቤት ማደር የተወበትን ቀን የምትረሳ ሚስት ግን አላየሁም።»

«ይሄማ ውርርዱ ውስጥ የለም!» አማቹ ዘለለ።

«ምን አስፈራህ?»

ረጅሙ ሰውዬ አንዴ አማቹን፣ አንዴ ጋሼን አየ። ስልኩን አወጣ። ደወለ። ጎማው ላይ አስቀመጠው፤ አራታችንም አጎነበስን፣ ጋሼም ወገቡን ይዞ።

ይጠራል።

«አታነሳም፣ ልብስ እያጠበች ይሆናል» አለ ሰውየው።

«እንጠብቃለን» አለ ጋሼ።

አሁንም ይጠራል። የአማቹ እጅ ቀስ ብሎ ወደ ሪዙ ሄደ።