ሰማያዊው መዳፌ

ከመንዝ፣ ከሞላሌ የወጣሁ ለት ሌሊት አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቀኛል፣ አባቴ ግን እጄን አልለቅ አሉ። የደብራችን ቄስ ናቸው፤ መስቀላቸውን ቀኝ መዳፌ ላይ አሳርፈው ይጸልያሉ። እዚያ መዳፍ ላይ አብሮኝ የተወለደ ሰማያዊ እብጠት አለ። እጄን ሳወርደው በደም ይወጠራል፣ ከፍ ሳደርገው ይጎድላል። ሱፍ ስፈትል ሕመሙ ብብቴ ድረስ ይወጣ ነበር። ደብረ ብርሃን ያየኝ ሐኪም፣ «የደም ሥር ችግር ነው፤ እዚህ ብንነካው ደሙ አይቆምልንም» ብሎ መልሶናል።

«ሂጂ፤ እኔን አታስቢ» አሉኝ አባ።

ጀርመን ባለቤቴ ጋ ገባሁ። ዳቦው ደረቅ፣ ሰላምታው ከዳቦው የባሰ ደረቅ! ፍራው የምንላት አከራያችን እጄን አይታ ባሌን ጠየቀችው።

«ይተላለፋል?»

«ኧረ አይተላለፍም፤ ከልደቷ ነው።»

«ቢሆንም የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን አትንካ።»

«ታዲያ በእጇ ትጠብ?»

ፍራው አሰብ አድርጋ፣ «በግራዋ» አለች።

እዚያ ያከመችኝ ሐኪም ግን ደግ ሴት ነበረች። ደም ሥሮቼን በምስል እያየች እብጠቱ ውስጥ መድኃኒት ወጋች፤ ሽፕሪትሰ ይሉታል መርፌውን። «ያከስመዋል» አለችኝ፤ እስኪከስም ግን አብጦ እንደ ፍም ፈጀኝ። ሲያገግም እንደገና ተወጋሁ፣ ከዚያም እንደገና። በየመርፌው ማግስት አባ ደውለው ዳዊት ይደግሙልኝ ነበር። በመጨረሻ የተረፈውን እብጠት በቀዶ ጥገና አወጣችልኝ። ትንሿ ጣቴ ደነዘዘች፤ መዳፌ ግን እንደ ሰው መዳፍ ሆነ።

የምሥራቹን ልነግር ስደውል ኔትወርክ የለም። ከሳምንታት በኋላ ሲመለስ ስልኩን ታናሽ ወንድሜ አነሳው።

«አባስ?»

«ቅዳሴ ገብተዋል።»

በሌላ ቀን «ማኅሌት ቆመዋል» አለኝ፤ በሌላ ቀን «ጸበል ወርደዋል።» ከዚያ ወዲህ ቤቴ ውስጥ ዳዊት የሚደግም ድምፅ እሰማለሁ፤ ቧንቧውን ስዘጋ፣ መብራቱን ሳጠፋ። ባሌ አይሰማውም። አንዳንዴ እየሰማው ዝም የሚለኝ ይመስለኛል።

ባለፈው እሑድ በቪዲዮ ደወልኩ። እናቴ ስልኩን ስትቀበል ሻሿ ሸርተት አለ። ጠጉሯ የለም።

«እማ፣ ምነው ተላጨሽ?»

ሻሿን መለሰችው። «ሙቀቱ ነው ልጄ።»

መንዝ ላይ፣ በኅዳር፣ ውርጭ ገብሱን በሚመታበት ወር።

ባሌን ዞር ብዬ አየሁት፤ አቀረቀረ።

«እሺ እማ» አልኩ። «እጇ ድኗል ብለሽ ለአባ ንገሪልኝ።»

«እነግራቸዋለሁ» አለችኝ።