ምህረት በሩ ሲዘጋ ትዞር ነበር

ሰንጋ ተራ ባለው ኮንዶሚኒየም ቤቴ ንፋስ በሩን ገፍቶ ጓ ሲያደርገው፣ ዛሬም ልቤ ድንግጥ ይልና ዓይኔ ወዲያው ታናሽ እህቴን ምህረትን ይፈልጋል። እሷ በሌለችበት ቀን እንኳ እፈልጋታለሁ።

ያደግነው ቂርቆስ፣ አንዲት መስኮት ባላት ጠባብ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። ምህረት ሁለት ዓመት አልፏት አንድ ቃል አልወጣትም ነበር። ከኋላዋ ስንጠራት አትዞርም፣ በሩ በኃይል ሲዘጋ ግን ወዲያው ዘወር ትል ነበር። እናቴም ልጄ እልኸኛ ናት እንጂ ጆሮዋ ደህና ነው ብላ ደምድማ፣ ስትጠራት ዝም ባለች ቁጥር ትቆነጥጣት ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ ጥርጣሬያቸውን ሲያነሱ ደግሞ በሩን ድርግም አድርጋ ዘግታ፣ ልጅቷ ስትዞር ታሳያቸው ነበር።

ክረምት ገብቶ በረዶ የቆርቆሮ ጣሪያችንን ሲደበድበው፣ እኔና እናቴ ካልተጯጯህን አንሰማማም ነበር። ምህረት ግን ፍራሹ ላይ ተንጋላ እንቅልፏን ትለጥጥ ነበር። «እንቅልፏ ከባድ ነው» ትል ነበር እናቴ፣ ማንም ሳይጠይቃት። ሳትጠየቅ መመለሷ ያስፈራኝ ነበር።

ጥቅምት ላይ፣ እናቴ የክረምቱ እርጥበት ይውጣ ብላ መስኮቱን ከፍታው ሳለ፣ እትዬ ዘነቡ የሐኪም ነገር አነሱባትና በንዴት ሄዳ በሩን ዘጋችው። ግቢው ተናጋ። ጀርባዋን ሰጥታን በድስት ክዳን የምትጫወተው ምህረት አልዞረችም።

እናቴ ደግማ ዘጋችው። ምንም የለም። እኔን ሳታይ፣ «መስኮቱን ዝጊ» አለችኝ። ዘጋሁት። በሩ ሲጋጭ የአልጋው መጋረጃ ሆዱን ነፋ፣ የምህረት ፀጉር ብድግ አለ፣ ዘወርም አለች።

«ክፈቺው።»

ከፈትኩት። በሩ እንደገና ጮኸ፣ መጋረጃው ግን ንቅንቅ አላለም፣ ምህረትም ከጨዋታዋ ቀና አላለችም። እናቴ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ንፋሱ ነው እኮ የሚነካት» አለች። «እኔ ደግሞ እቆነጥጣታለሁ።»

ሐኪሙ በኋላ እንዳስረዳን፣ በር ሲጋጭ አየሩን ይገፋዋል፣ አየሩም እየተጨናነቀና እየላላ ግፊቱን እያሻገረ ይመጣና ጆሮ ውስጥ ያለውን ስስ ቆዳ ያርገበግበዋል፣ ያንን ነርቭ ተቀብሎ ወደ አንጎል ሲያደርሰው ድምፅ ሰማን እንላለን። የምህረት የውስጥ ጆሮ ይህን አይቀበልም ነበር። ቤቱ ዝግ ሲሆን ግን መውጫ ያጣው አየር ገላዋን ገፋ ያደርጋት ነበር። ከሐኪም ቤት ስንመለስ እናቴ መንገዱን ሁሉ ምህረትን አቅፋ፣ የቆነጠጠችውን ክንድ እያሻሸች መጣች።

ያኔ እናቴ የምትፈልገው ሲጠሯት አቤት የምትል ልጅ ነበር። ዛሬ የራሷም ጆሮ ደክሟል። እኔ የምሰማዋ ልጇ ከማድ ቤት ሆኜ እጠራትና መልስ ሳጣ እበሳጫለሁ። ምህረት ግን አንድም ቀን ወደ እናቴ ከኋላዋ መጥታ አታውቅም፤ ዞራ ሄዳ ፊት ለፊቷ ትቆምና እስክታያት ትጠብቃታለች።