ነጩ ጄራኒየም

ገና ልጅ ሳለሁ፣ በታኅሣሥ ውርጩ ከእንጦጦ ወደ የካ ሚካኤል ሲወርድ፣ በረንዳው ላይ የተደረደሩትን አበቦች ከነጣሳቸው ተሸክመን ቤት ማስገባት የእኛ የልጆቹ የማታ ሥራ ነበር። ያኔ መብራት ቶሎ ቶሎ ስለሚጠፋ ፋኖስ ይለኮሳል፤ እኛና አበቦቹ የከሰል ማንደጃውን ከበን ተጠጋግተን እንቀመጣለን፤ የእርጥብ አፈር ሽታ ከጭሱ ጋር ይደባለቃል፤ የአባቴ አክስት እቴቴም ተረታቸውን ይጀምራሉ።

ተረቱ የእኛው ነበር። እናቴ ልጅ በወለደች ቁጥር ከራሷ ቀይ ጄራኒየም አንድ ቅርንጫፍ ቆርጣ በጣሳ ትተክላለች፤ እቴቴ ደግሞ ጣሳውን እየነኩ ባለቤቱ የተወለደበትን ቀን ያወሩታል፤ ዝናቡን፣ ገንፎውን፣ አባቴ ሲሮጥ ጭቃ ላይ መውደቁን። የወንድሞቼ አበቦች ሁሉም ቀይ ነበሩ። የእኔ ነጭ ነበር።

«የእኔስ ለምን ነጭ ሆነ?» እላለሁ።

«ያንቺንማ እግዜር አነጣው።»

«በበረኪና አጥበሽው ነው» ይላል ታላቅ ወንድሜ። ሁሉም ይስቃሉ። እናቴ ብቻ አትስቅም፤ ጎንበስ ብላ ከሰሉን ታራግባለች።

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ የሳይንስ መምህራችን፣ ከአንድ ተክል ተቆርጦ የተተከለ አበባ ቀለሙ የዚያው የእናቱ ነው፣ ሌላ ሊሆን አይችልም ብለው አስተማሩን። ሌሎቹ ደብተራቸው ላይ ጻፉ። እኔ ደብተሬን ዘጋሁት።

ያን ዕለት እቴቴን ብቻቸውን አበባ ሲያጠጡ አገኘኋቸውና ጠየቅኋቸው። የውሃውን ጣሳ መሬት አስቀመጡ።

«ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርድ ሴት የጓሮ ቤታችንን ተከራይታ ነበር። አንቺን ወልዳ አረፈች። ነጩ አበባ በሯ ላይ የነበረ ነው። ማወቅሽን እናትሽ እንዳትሰማ፤ ልቧ ይሰበራል።»

ስሟን ልጠይቅ አፌን ከፈትኩ፤ አፈርኩና ዘጋሁት። ሌላ ቀን እጠይቃለሁ ብዬ ነበር። እቴቴ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ፤ አባቴም ተከተላቸው።

አምና እናቴ በጠና ስትታመም እጄን ይዛ፣ «ልጄ፣ ያ ነጩ አበባሽ…» ብላ ጀመረች። ምን ልትል እንደሆነ አውቄአለሁ። ፊቷ ላይ ፍርሃት አየሁ።

«ደህና ነው እማዬ፤ ማታ ማታ አስገባዋለሁ» አልኳት።

ዓይኗን ጨፈነች፤ ነገሩን ዳግም አላነሳችውም። ያሳረፍኳት መስሎኝ ነበር። የወለደችኝን ሴት ስም የሚያውቅ የመጨረሻው ሰው እሷ እንደነበረች የገባኝ ከቀብሯ ስመለስ ነው።

ይህን ለማንም፣ ለባለቤቴም እንኳ ተናግሬ አላውቅም። ነጩ ጄራኒየም ዛሬ ሲ.ኤም.ሲ ባለው አፓርታማችን በረንዳ ላይ ነው፤ ሲያረጅ ከራሱ እየቆረጥኩ ስተክለው እዚህ ደርሷል። በቀደም ልጄ ወደ ውስጥ ስታስገባልኝ፣ «እማ፣ የአያቴ ቀይ ሆኖ ያንቺ ለምን ነጭ ሆነ?» አለችኝ።

ልነግራት አሰብኩ። የማን እንደሆነ ብትጠይቀኝ ግን የምጠራላት ስም የለኝም።

«እግዜር አነጣው» አልኳት።